ፈጠነ ያልጠየቀው ስም

«ተሳክቷል!» ብሎ ኦሊያድ ከወንበሩ ዘለለ። «ቀወጠው! አየሽው አይደል? ማንም ሳይነካው እኮ ነው!»

ናርዲ አይታለች። በአክስቷ በትርፌ ሱቅ፣ የላፕቶፑ ቀስት ብቻዋን ከወዲያ ወዲህ ስትል፣ ገጽ ስትከፍት፣ የዩኒቨርሲቲ ስም ስትመርጥ፣ በመጨረሻም «አስቀምጥ» የሚለውን ስትጫን ዓይኗን ሳትነቅል ተከታትላለች። አረንጓዴው «ተሳክቷል» ብቅ ሲል እሷም ልትጮህ ምንም አልቀራትም ነበር። ግን እጇ አላርፍ ብሎ የልያን ገጽ ከፈተችው። ልያ የኦሊያድ እኅት ናት፤ ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ትገባለች፤ ለመሞከሪያ ገጿን የፈቀደችላቸው እሷ ነች። ምርጫዎቿ እንደነበሩ ናቸው። አንዱም ንቅንቅ አላለም።

«ኦሊ፣ ምንም አልተቀየረም እኮ።»

«ኔትወርክ ነው።»

«ተሳክቷል ካለ የሆነ ነገር ቀይሯል ማለት ነው። የት ሄደ ታዲያ?»

«አቦ አታካብጂ! የጅማን ኔትወርክ ዛሬ ነው እንዴ ያወቅሽው? ነገ ይታያል። ሂጂ ይልቅ ሳምቡሳ ግዢና እናክብረው።»

ናርዲ ሳምቡሳ ልትገዛ ወጣች። ስትመለስ ኦሊያድ ላፕቶፑን ዘግቶ፣ ቦርሳውን አንግቶ፣ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። የሳምቡሳውን ትኩስነት እንኳ ሳያደንቅ ሁለቱን በልቶ ሄደ። ሌላ ጊዜ ቢሆን «ሚጥሚጣ አንሶታል» ብሎ ይነዛነዝ ነበር።

ፈጠነ ሰው አይደለም። የአሥረኛ ክፍል ተማሪዎቹ ናርዲና ኦሊያድ ለትምህርት ቤታቸው የኮምፒዩተር ክበብ የሠሩት፣ ብሮውዘር ከፍቶ የሰውን ጉዳይ የሚጨርስ የኤአይ ረዳት ነው። ስሙን ያወጣለት ኦሊያድ ነው፤ ከመፍጠን ሌላ ምን ይፈለግበታል ብሎ። ፈጠነ ገጽ የሚከፍትበት፣ የሚሞላበት፣ የሚልክበት መሣሪያ አለው። የትኛውን መቼ እንደሚያነሳ ግን በራሱ አያውቅም። የሚያውቀው በየመሣሪያው ሥር የተጻፈለትን መግለጫ አንብቦ ነው። ኮዱን የጻፈው ኦሊያድ፣ መግለጫዎቹን የጻፈችው ደግሞ ናርዲ ነች፤ በድርሰት የሚስተካከላት የለም ተብላ። መጀመሪያ ላይ ረዘም ረዘም አድርጋ ነበር የጻፈቻቸው። ኦሊያድ ግን እያንዳንዱን እያነበበ «አሳጥሪው፣ ሲረዝም ይንቀራፈፋል» አላት። አሳጠረችው። አሁንም አሳጥሪው አላት። ድርሰቷ በመጨረሻ የሱቅ ታፔላ አክሎ ቀረ።

ፍጥነቱን የፈለገው ያለ ምክንያት አልነበረም። ቅዳሜ ጠዋት ከዩኒቨርሲቲው እንግዶች ይመጣሉ። የክበቡ ቡድኖች ሥራቸውን በየተራ ያሳያሉ፤ ያሸነፈው ቡድን ለግማሽ ዓመቱ እረፍት አዲስ አበባ ሄዶ ይሠለጥናል። ናርዲ ይህን ከሰማችበት ቀን ጀምሮ በሐሳቧ ሻንጣ ስታዘጋጅ ነው የከረመችው። ከጅማ ርቃ የሄደችበት ትልቁ ጉዞዋ አጋሮ ነው፤ እሱም ለሠርግ፣ እሱም የታመመች የአጎቷን ልጅ ጭኗ ላይ አስተኝታ።

ያን ቀን ከአክስቷ ሱቅ ወጥታ ከጊንጆ ወደ ቤቷ ወደ ቦሳ አዲስ በእግሯ ሄደች። አንድ ባጃጅ «ናርዲ፣ ላድርስሽ?» ብሎ ቢያዘገይላትም እጇን አወዛውዛ አሳለፈችው፤ ቁጭ ብላ መሄድ አልቻለችም። ሰው ዕቃ ቢጥል ይፈልገዋል። ፈጠነ የቀየረው ምርጫ ግን የት ነው የሚፈለገው?

ዓርብ ጠዋት ሰልፍ ሳይጀመር ኦሊያድን ጥግ ያዘችው።

«ታየ?»

«አዎ፣ አዎ። ልያ ጠዋት በስልኳ ከፍታ አይታዋለች። መልሳ አስተካክላዋለች። አለቀ።» ይህን ሲል የጫማውን ክር ያስር ነበር። ክሩ ግን አልተፈታም ነበር።

ነገሩ እዚህ ላይ ማለቅ ነበረበት። ናርዲም ክፍል ገብታ ደብተሯን አወጣች። የሒሳብ መምህሩ ሁለት ጊዜ ስሟን ጠርተው በሦስተኛው ነው የሰማችው። «ልጄ፣ ነፍስሽ የት ሄዳለች?» ሲሏት ክፍሉ ሳቀ። ከጎኗ የምትቀመጠው ሱሀይላ ግን አልሳቀችም። ሱሀይላ ምላሷ እንደ ምላጭ ነው፤ ጓደኛዋ ስትጨነቅ ግን ታውቃለች።

«ምን ሆነሻል? ጠዋት ሙሉ ወንበሩ የሚቆጠቁጥሽ ነው የምትመስይው።»

«ከትምህርት በኋላ አክስቴ ጋ ትመጫለሽ? አንድ ነገር ልሞክርብሽ።»

«አትግደይኝ እንጂ እመጣለሁ።»

የትርፌ ሱቅ ፊት ለፊቱ ፎቶ ኮፒ ነው። ከኋላ በመጋረጃ የተከለለች ጠባብ ክፍል አለች፤ እሷ ውስጥ አንድ ላፕቶፕና አንድ ቀይ የፕላስቲክ ወንበር። ሥራ ለማመልከት፣ ውጤት ለማየት፣ ዩኒቨርሲቲ ለመምረጥ የሚመጣ ሁሉ ያቺ ወንበር ላይ ይቀመጣል። የገጠር ልጆች ሲመጡ ነገሩ ይረዝማል። ገጹ ሲከፈት የሚላከው ኮድ ቤት በቀረው የአባት ወይም የወንድም ስልክ ላይ ነው የሚመጣው። ያ ስልክ ኔትወርክ እስኪያገኝ፣ ሰው አንብቦ እስኪደውል ግማሽ ቀን ይሄዳል። ስለዚህ ትርፌ አንዴ የተከፈተ ገጽ አትዘጋም። ባለቤቱ «ጨርሻለሁ» እስኪል ከላይ ተደርድሮ ይቆያል። ማን የማን እንደሆነ ማንም ጽፎት አያውቅም፤ ወንበሩ ላይ ያለው ሰው ነው ባለገጹ። ናርዲ አፏን የፈታችው እዚህ ሱቅ ውስጥ ስለሆነ ይህ ለእሷ እንደ መተንፈስ ነው።

ዓርብ ስለሆነ ሱቁ ሰው በሰው ነበር። ትርፌ ከማሽኑ ቀና ሳትል «ግቡ ግቡ፣ ግን ኤሌክትሪኩን እንዳታጠፉብኝ» አለች። ናርዲ ሱሀይላን ቀይዋ ወንበር ላይ አስቀመጠቻትና እሷ ቆመች።

«አሁን አንቺ ፈጠነ ነሽ።»

«ወላሂ ከዚህ የተሻለ ስም አጣሽልኝ?»

«ስሚኝ እንጂ። መግለጫዎቹን ከስልኬ ላይ እያነበብሽ የተጻፈውን ብቻ ነው የምትሠሪው። ከራስሽ ምንም አትጨምሪ። ልያ ምርጫዬን ቀይርልኝ ብላሃለች፤ ሐዋሳ፣ አርባ ምንጭ፣ ጅማ። ጀምር። ምንም አትጫኚ ግን፣ አሳዪኝ ብቻ።»

ሱሀይላ ጉሮሮዋን ጠራረገችና አነበበች። «‹የተማሪውን ገጽ ይከፍታል።›» ወደ ስክሪኑ አየች። «የትኛው ተማሪ?»

«ልያ ናታ!»

«ልያማ አዝዛኛለች። መግለጫው የሚለው ግን ‹የተማሪው› ነው። እዚህ ላይ ደግሞ ሁለት የተማሪ ገጽ ተከፍቷል።»

«ወንበሩ ላይ የተቀመጠችዋ ነቻ! ትናንት ልያ እዚህ ቁጭ ብላ፣ ኮዷን አስገብታ ነው ወደ ኳየር ልምምድ የሄደችው።»

«እሺ። ወንበሩ የት ጋ ነው የተጻፈው?»

ናርዲ አጎንብሳ መግለጫውን ከስልኩ ላይ ደግማ አነበበችው።

«እኔ ፈጠነ ብሆን» አለች ሱሀይላ፣ «መጀመሪያ ያገኘሁትን እከፍታለሁ። ስሜ ራሱ ፈጠነ አይደል?» በስተግራ ጫፍ ያለውን ገጽ ነካችው።

ስክሪኑ ላይ «ፋሪዳ ቲጃኒ» የሚል ስም መጣ። ከሥሩ አንደኛ ምርጫ፣ ሐዋሳ። ሁለተኛ፣ አርባ ምንጭ። ሦስተኛ፣ ጅማ። ናርዲ ራሷ ለልያ መሞከሪያ ብላ ያወጣችው ቅደም ተከተል፣ አንድም ሳይዛነፍ። የጠፋው ዕቃ ተገኘ፤ የተገኘው ግን በሰው ልጅ ሕይወት ውስጥ ነው።

«ማናት?» አለች ሱሀይላ በሹክሹክታ።

ናርዲ በመጋረጃው ብቅ አለች። «እትዬ፣ ፋሪዳ የምትባል ልጅ ትናንት መጥታ ነበር?»

«ከሸቤ ገጠር የምትመጣዋ! አዎ፣ ጠዋት። ራሷ ነች የሞላችው፣ እኔ ሰው በዝቶብኝ ነበር። እናቷን ለሕክምና ወደዚህ የምታመላልሰው እሷ ነች፣ ምስኪን። ጅማ እንዲደርሳት ነው የቤቱ ሁሉ ጸሎት። ምነው?»

«ምንም። እንዲሁ ነው።»

ያቺ «እንዲሁ» ከአፏ ስትወጣ ራሷን ጠላችው። የስልኳን ሰዓት አየች። የምርጫው ጊዜ የሚያበቃው ዛሬ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው፤ ከዚያ በኋላ ምንም አይቀየርም። አሥር ሰዓት አልፏል። ወደ ኦሊያድ ደወለች። «ትርፌ ጋ ና። አሁን!» ብላ መልሱን ሳትሰማ ዘጋችው።

እስኪመጣ ድረስ አልተቀመጠችም። ከግድግዳ እስከ ግድግዳ አራት እርምጃ በምትሆነው ክፍል ውስጥ ስትንጎራደድ ሱሀይላ «ማሎ፣ እባክሽ፣ ዓይኔ ዞረ» አለቻት። ናርዲ ስልኳን አወጣችና ያን የተረገመ መግለጫ ከፍታ መጻፍ ጀመረች። ሰረዘች። ደግሞ ጻፈች። ፊት ለፊቷ የቆመውን ነገር፣ ወንበርም ሱቅም ጅማም አይቶ ለማያውቅ እንግዳ ማስረዳት ነበረባት።

«ይህ መሣሪያ የአንድን ተማሪ የዩኒቨርሲቲ ምርጫ ይቀይራል። ከመጠቀምህ በፊት ገጹ ላይ ያለውን ሙሉ ስም አንብብ። ከጠየቀህ ሰው ስም ጋር ካልገጠመ አትንካው፤ ቆመህ ጠይቅ። አንዴ ከተቀመጠ የቀድሞው ምርጫ ይጠፋል፤ ማንም ሊመልሰው አይችልም።»

የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ሁለት ጊዜ አነበበችው።

ኦሊያድ እያለከለከ ገባ። ስክሪኑን አየ። ምን እንደሆነ አልጠየቀም። ናርዲም ባለመጠየቁ ነው ያወቀችው።

«አይተኸው ነበር።»

ኦሊያድ ፊቱን ከስክሪኑ አዞረ።

«ኦሊ! መቼ?»

«ትናንት። ሳምቡሳ ልትገዢ ስትወጪ።» ጀርባውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ቀስ ብሎ ቁልቁል ወረደና ወለሉ ላይ ተቀመጠ። «ደነገጥኩ። ከነገርኩሽ ደግሞ ለትርፌ ትነግሪያታለሽ። አውቅሻለሁ።»

«ልያ አስተካክላዋለች አልከኝ እኮ! ዓይኔን እያየህ… ዓይኔንም አላየኸኝም!»

«ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል፣ አለች አያቴ» ሱሀይላ ጣልቃ ገባች።

«አንቺ ደግሞ ማን ጠራሽ?» ኦሊያድ ተነሣ። ፊቱ ቀልቶ ነበር። «ስሙኝ፤ ገጹ ክፍት ነው አይደል? ኮድ አይጠይቅም። ጅማን አንደኛ እናድርገው፣ አለቀ! ጅማን እንደምትፈልግ ከተማው ሁሉ ያውቃል። ሌላውን በግምት እንደረድረዋለን። አንደኛው ከደረሳት ሁለተኛውን ማን ያየዋል? አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ማንም አያውቅም፣ ማንም አይጎዳም፣ ነገም ሥራችንን እናሳያለን።»

ናርዲ ሱሀይላን አስነሥታ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። እውነት ለመናገር ሐሳቡ ልቧን ሳበው። ደቂቃ እንኳ የማይፈጅ ነገር ነው። ጅማን ነክቶ ወደ ላይ መጎተት። ፋሪዳ የምትፈልገውን ታገኛለች፣ እነሱም አዲስ አበባን። ቀስቷን «ጅማ» ላይ አደረገቻት።

«ሁለተኛዋ ምን ነበር?» አለች ናርዲ።

«ምን አውቃለሁ? አምቦ በይው። ወለጋ በይው።»

«ሦስተኛዋስ?»

«ናርዲ፣ እየገመትን ነው አልኩሽ እኮ!»

«ፈጠነም እኮ እየገመተ ነበር» አለችና እጇን ከላፕቶፑ ላይ አነሣች። የጻፈችውን አዲሱን መግለጫ ስልኳ ላይ ከፍታ ሰጠችው።

ኦሊያድ አነበበው። «ቆመህ ጠይቅ፣ ቆመህ ጠይቅ! በየስሙ እየቆመ ከጠየቀ ፈጠነ መባሉ ምኑ ላይ ነው? ነገ በእንግዶቹ ፊት እየቆመ ሲጠይቅ የነማሙሽ ቡድን ሦስት ሥራ ይጨርሳል!»

«ይጨርስ።»

«ይጨርስ?» ስልኩን መልሶ እጇ ላይ አኖረው። «ናርዲ፣ እኔ ክረምቱን ሙሉ በማን ኮምፒዩተር እንደሠራሁ ታውቂያለሽ? ቤተ ክርስቲያን ቢሮ ውስጥ፣ ጸሐፊው ምሳ ሲወጣ ነው። እስኪመለስ ድረስ። ይሄ ለእኔ ጨዋታ አይደለም።»

«ለእኔስ ነው እንዴ?»

ናርዲ ያዘነችለት ከልቧ ነበር፤ የተናደደችበትም ከልቧ። መጋረጃውን ገልጣ ወጣች።

ትርፌ የሰው መታወቂያ ኮፒ እያደረገች ነበር። ናርዲ ሰውዬው ሒሳቡን ከፍሎ እስኪወጣ ጠበቀች። መጠበቁ ከመናገሩ ባሰባት።

«እትዬ፣ የፋሪዳን ስልክ ቁጥር ስጪኝ።»

«ለምን? ቅድምም እሷን ስትጠይቂኝ ነበር።»

«ትናንት ፈጠነን ስንሞክረው በእሷ ገጽ ላይ ገብቶ ምርጫዎቿን ቀየራቸው። መግለጫውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። የማን ገጽ እንደሆነ አጣርቶ እንዲከፍት አልጻፍኩለትም። ዛሬ ነው ያወቅሁት። እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ጊዜ አለ።»

ትርፌ ማሽኑን አጠፋችው። በዓርብ ገበያ ማሽኑን ስታጠፋ ናርዲ አይታ አታውቅም።

«ሰው እኮ አምኖኝ ነው ገጹን ክፍት ትቶልኝ የሚሄደው» አለች ቀስ ብላ። መጮኋ ይሻል ነበር። «በዚች ሱቅ የቆምኩት በማሽን መሰለሽ? በእምነት ነው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ! እኔን አፈሰሳችሁኝ።» ቁጥሩን ፈልጋ አውጥታ ሰጠቻት። ከዚያ በመጋረጃው በኩል ድምፅዋን ከፍ አደረገች። «ኦሊያድ! እዚያ እንዳለህ አውቃለሁ። ነገ ላፕቶፔ ከዚህ ቤት አይወጣም። ሰምተኸኛል?»



ያለ ላፕቶፑ ፈጠነ የለም፤ ፈጠነ ከሌለ ቅዳሜ የለም። ናርዲ ይህ እንደሚሆን ከመናገሯ በፊትም ገምታዋለች። ሲሆን ግን እንባዋ ሳታስበው መጣ። በእጅጌዋ ጠርጋው ወደ ውስጥ ገባች፤ ትርፌም ተከትላት መጥታ በሩ ላይ ቆመች። ናርዲ ደወለች። ቁጥሩ የፋሪዳ አባት የአቶ ቲጃኒ ነው። «የደወሉላቸው ደንበኛ» ማለት ሲጀምር ዘጋችው። ደግማ ደወለች። አሁንም ያው ነው። ቆርቆሮው ላይ ዝናብ ጠብ ጠብ ማለት ጀመረ። ሱሀይላ «ያ ረቢ» እያለች ጥፍሯን ትበላለች። እንደገና ደወለች።

ጠራ።

«ሄሎ? ኤኙ? ማን ልበል?» አለ የትልቅ ሰው ድምፅ።

«አካም ኦልተን፣ እንዴት ዋሉ አባ? ናርዲ ነኝ፣ ከጅማ፣ ከትርፌ ሱቅ።»

«ነጋ፣ ነጋ! ደህና ነሽ ልጄ? ትርፌ ደህና ናት? ሰላም በይልን። ቡና እየለቀምን ነው፣ ዘንድሮ ቶሎ ቀላ። ስለ ፋሪዳ ነው የደወልሽው? ጅማን ሞልቻለሁ ብላኛለች፣ አልሀምዱሊላህ። አንደኛ ጅማን።»

ኦሊያድ ቀረብ ብሎ ስለሚሰማ ቅንድቡን ወደ ላይ ሰቀለ። አላልኩሽም? ማለቱ ነው።

«እሷን ላናግራት አባ? ጉዳዩ የራሷ ስለሆነ ለራሷ ብነግራት ይሻላል። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«ቶሌ፣ እሺ። ፋሪዳ! ፋሪዳ ኮቱ፣ ነይ!»

ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ሲሄድ ናርዲ ያዘጋጀችው አነጋገር ነበራት። «ትንሽ የሲስተም ችግር ተፈጥሮ ነበር» የሚል። ለስላሳ ነው፤ ማንም የለበትም። ሲስተም የተባለው ሰውዬ ጅማ ውስጥ ስንቱን ጥፋት ተሸክሟል። የፋሪዳን «ሄሎ» ስትሰማ ግን ሌላ ነገር ነው ከአፏ የወጣው።

«ፋሪዳ፣ ትናንት አንቺ ከሄድሽ በኋላ እኔና ጓደኛዬ የሠራነው ፕሮግራም ገጽሽን የሌላ ሰው መስሎት ምርጫዎችሽን ቀየራቸው። አሁን አንደኛሽ ሐዋሳ ነው የሚለው። ገጽሽ እዚህ ፊቴ ክፍት ነው፤ እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ድረስ ማስተካከል ይቻላል። በፊት ምን እንደነበረ አላውቅም። አንቺ አንድ በአንድ ካልነገርሽኝ ምንም አልነካም።»



«ማን ፈቀደላችሁ?»

«ማንም።»

ናርዲ ስድቡን ጠበቀች፤ ቢመጣ ደስ ይላት ነበር። የመጣው ግን የእግር ኮቴ ነው። ሰዎች በኦሮምኛ የሚሳሳቁበት ድምፅ እየራቀ፣ እየራቀ ሄደ። ፋሪዳ ከለቃሚዎቹ እየራቀች ነበር።

«አጠገብሽ ሰው አለ?» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

ናርዲ ቀና አለች። ኦሊያድ ጆሮውን አቁሟል። ሱሀይላ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጣለች። ትርፌ በሩ ላይ እጇን አጣምራ ቆማለች።

«አሉ።»

«እንዲሰሙ አልፈልግም።»

ናርዲ ስልኩን በእጇ ሸፍና «ውጡ» አለች። ሱሀይላ ወዲያው ወጣች። ኦሊያድ «ጅማ በያትና ጨርሺው፣ ሰዓቱ እየሄደ ነው» ሲል እጁን ይዛ ወደ መጋረጃው ገፋችው። ትርፌ ቀረች። በራሷ ሱቅ፣ በራሷ ክፍል።

«አንቺም እትዬ። እባክሽ።»

ትርፌ እኅቷ የወለደቻትን ልጅ ከላይ እስከ ታች አየቻት። ከዚያ ወጥታ መጋረጃውን ሳበችው።

«አሁን ብቻዬን ነኝ» አለች ናርዲ።

ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው የፋሪዳን ድምፅ ለመስማት ስልኩን ጆሮዋ ላይ ልታጣብቀው ደረሰች።

«አንደኛው ጅማ አልነበረም» አለች ፋሪዳ።

ናርዲ ለምን አላለችም። ቀስቷን ከ«ጅማ» ላይ አነሣቻት።

«እሺ። ንገሪኝ።»

«ባሕር ዳር።» ፋሪዳ በረጅሙ ተነፈሰች። «ለማንም ተናግሬው አላውቅም።»

ናርዲ ጻፈችው። ከመጋረጃው ወዲያ ኦሊያድ አላስችል ብሎት «ጅማ ነው አይደል?» ሲል ተሰማ። ናርዲ ስክሪኑን ወደ ግድግዳው መለስ አደረገችውና ስልኩን ወደ ሌላኛው ጆሮዋ አዛወረችው።

«ሁለተኛውስ?» አለች።